ጓደኞችሽን ከመቀየርሽ በፊት፦ ስለ ቢዝነስና ስለምንውልበት ሰው ለተጠየቀው ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። እህታችን የራሷን ቢዝነስ ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ልብስ አሰፍታ ለሱቆችና ለድርጅቶች ታስረክባለች፣ አራት ሠራተኞች አሏት። የድሮ ጓደኞቿ በሙሉ ተቀጣሪ ናቸው፣ ስለ ሥራዋ ስታወራ "አርፈሽ ሥራ ፈልጊ" ነው የሚሏት። በሌላ በኩል ደሞ ቅርብ ጊዜ የተዋወቀቻቸው ሥራ ፈጣሪዎች አሉ፣ ከኢቨንት ኢቨንት አብረው ይዞራሉ፣ ከነሱ ጋር አምሽታ ስትመለስ ሞራሏ ሰማይ ይነካል ግን ሽያጩ እዛው በነበረበት ነው። አንድ አሰልጣኝ "አብዛኛውን ጊዜሽን ከምታሳልፊያቸው 5 ሰዎች አማካይ ነሽ" ስላላት ጓደኞቼን ልቀይር ወይ ትላለች። በዛ ላይ ከልጅነት ጓደኞቿ አንዷ ሥራ ለቅቄ በሸሪክነት ልግባ ብላታለች፣ እሱንስ ምን ላድርግ ነው ጥያቄው።

የኔ ሥራ የአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶችን ማማከርና እርስ በርስ የሚመካከሩባቸውን ቡድኖች መምራት ነው፣ ስለዚህ ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል፣ ረዘም አርጌ ብመልስ አትሰልቹ።

እህቴ፣ ጓደኞችሽን አትቀይሪ። ኢቨንት መሄድም ኃጢአት አይደለም። ግን ከጻፍሽው ሁሉ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ "እገሌ ሂሳቤን አይቶ እንዲህ አለኝ" የሚል ነገር አላገኘሁም። የድሮዎቹ ይወዱሻል ግን ሥራውን አያውቁትም፣ አዲሶቹ ሥራውን ያውቁታል ግን ያንቺን ሥራ አያውቁትም፣ አንቺም አላሳየሻቸውም። ቁጥርሽን የሚያይ ሰው ነው የጎደለሽ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለምን እንደዛ እንዳልኩ ነው።

መጀመሪያ ይሄን የ5 ሰው ነገር እንጨርሰው። አባባሉ ጂም ሮን ከሚባል አሜሪካዊ አነቃቂ ተናጋሪ ጋር ተያይዞ የተስፋፋ ነው እንጂ አንድ ተመራማሪ ቆጥሮ ያገኘው ቁጥር አይደለም። ውስጡ እውነት አለው፣ የምንውልበት ሰው ይቀይረናል፣ እኔም ይሄን ሥራ የምሠራው ስለማምንበት ነው። የሚያሳስበኝ ሰው አባባሉን ሰምቶ የሚወስደው እርምጃ ነው፣ የድሮ ጓደኛ ሲደውል ስልክ ማንሳት ይተዋል፣ ገንዘብ ያለው ሰው ዙሪያ መዞር ይጀምራል፣ ያ ሰው ደሞ ስሙን እንኳን በትክክል አልያዘውም። ከዛ የተሳካላቸው ሰዎች የተሳካላቸው ጓደኞች ስላሏቸው ጓደኞቹ ናቸው ያሳደጓቸው ብሎ ይደመድማል። ጓደኞቹ የተሰበሰቡት ካደገ በኋላ ቢሆንስ? ሁለቱም የተገናኙት መጀመሪያውኑ አንድ ዓይነት ሰዎች ስለሆኑ ቢሆንስ? ዝም ብሎ በዓይን በማየት ይሄን መለየት አይቻልም፣ ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ሰዎችን በዕጣ እየመደቡ ማየት የጀመሩት፣ እኔም ከዚህ በታች የማነሳቸው አብዛኞቹ እንደዛ የተሠሩትን ነው።

በጣም የምወደው ናንቻንግ በምትባል የቻይና ከተማ የተሠራው ነው። ጂንግ ካይና አዳም ሴይድል የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ናቸው የሠሩት፣ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2018 ላይ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዛው አቆጣጠር ናቸው። 2,820 ገና ወጣት የሆኑ ድርጅቶችን ወስደው ከፊሎቹን ባለቤቶች በዕጣ በትናንሽ ቡድን መደቧቸው፣ አንድ ቡድን ውስጥ 10 አካባቢ ሰው ነው፣ ለአንድ ዓመት በወር አንዴ ይገናኛሉ በቃ። ትልቅ ብድር አልተሰጣቸውም፣ ውድ ሜንተር አልተቀጠረላቸውም፣ እየተገናኙ ስለ ሥራቸው ያወራሉ። ስብሰባ ካልነበራቸው ጋር ሲነጻጸሩ ገቢያቸው በ8.1% ጨመረ፣ ትርፋቸውም አደገ፣ አብረዋቸው የሚሠሩ ድርጅቶች በዙ፣ አስተዳደራቸውም ተሻሻለ፣ ስብሰባው ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ደሞ ለውጡ አልጠፋም። የተሻሉ ድርጅቶች ያሉበት ቡድን ውስጥ በዕጣ የደረሳቸው የበለጠ አደጉ፣ እንግዲህ አሰልጣኝሽ የነገረሽ ነገር እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ግን ሁለት ነገር ልብ በይልኝ። አንደኛው፣ ተመራማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ ሆን ብለው ጠቃሚ መረጃ ሰጥተው መረጃው እንዴት እንደሚዘዋወር ተከታትለዋል፣ ሰዎቹ ለቡድናቸው በደንብ ያካፍሉ የነበረው ተፎካካሪ ካልሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚደረግ ስብሰባ ይልቅ በቋሚነት በሚገናኙት መሀል ነው ብዙ የንግድ ሽርክና የተፈጠረው። ያንቺ ኢቨንት ለምን ሽያጭ እንዳላመጣ በከፊል እዚህ ይታየኛል፣ በየጊዜው አዲስ ሰው ነው የምታገኚው፣ ቢዝነስ ካርድ ትለዋወጫላችሁ፣ ግማሾቹ ደሞ እንዳንቺ ልብስ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ ደንበኛዬን ይወስድብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ደሞ ጨርቁን ከየት እንደሚያመጣ አይነግርሽም፣ አንቺም አትነግሪውም።

እንግዲህ ከጎበዝ ሰው ጋር መዋል ይጠቅማል ካልን ከጎበዙ የሚጋባብን ምንድነው? ብዙ ሰው ወኔው ይመስለዋል። ህንድ ውስጥ 100 በማደግ ላይ ያሉ ስታርታፖች፣ ማለትም አዲስ የተጀመሩ ድርጅቶች ላይ የተሠራ ሙከራ አለ፣ አሮን ቻተርጂና ባልደረቦቹ 2019 ላይ አሳትመውታል። መሥራቾቹን እርስ በርስ አጣምረው ምክር እንዲሰጣጡ አደረጉ። ሠራተኞቹን በሥርዓት ከሚመራ ሰው ምክር ያገኙት፣ ማለትም ቋሚ ስብሰባ ካለው፣ ግልጽ ግብ ከሚያስቀምጥ፣ ለሠራተኛው ቶሎ ቶሎ አስተያየት ከሚሰጥ ሰው ጋር የተጣመሩት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዘፈቀደ ከሚመራ ሰው ጋር ከተጣመሩት በ28% የበለጠ አድገው ተገኙ፣ የመዘጋት ዕድላቸውም በ10 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ያነሰ ነበር፣ ከመቶ ድርጅት የሚዘጋው በአሥር ያህል ያንሳል ማለት ነው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ጥናቱ ያሳየው ደግ ነገርም በዛው መንገድ እንደሚጋባ ነው። የሚጋባው ደሞ እዚህ ግባ የማይባል የሚመስል የዕለት ተዕለት ልማድ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ከሠራተኛ ጋር መቀመጥ፣ የተባለውን መጻፍ፣ አርብ ላይ ምን እንደተሠራ መጠየቅ። ስለዚህ ከማን ጋር ልዋል ስትይ መድረክ ላይ ያማረበትን ሰው አትመልከቺ፣ እሱ በሌለበት ቀን ወርክሾፑ እንዴት እንደሚሠራ እይ።

አሁን ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ልንገርሽ። ጆሽ ለርነርና ኡልሪከ ማልመንዲየር የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ተማሪዎችን አጥንተዋል፣ ሥራቸው 2013 ላይ ታትሟል። እዛ ተማሪ የሚማርበትን ክፍል ራሱ አይመርጥም፣ ስለዚህ አንዳንዱ ክፍል ውስጥ ከትምህርቱ በፊት ቢዝነስ የነበራቸው ብዙ ተማሪዎች ይገኛሉ፣ አንዳንዱ ውስጥ ጥቂት። ቢዝነስ የሠሩ ልጆች ከበዙበት ክፍል ብዙ ቢዝነስ ጀማሪ ይወጣል ብለሽ ትጠብቂያለሽ አይደል? የተገኘው ተቃራኒው ነው፣ ከነዛ ክፍሎች ከተመረቁ በኋላ ቢዝነስ የጀመሩት አነሱ። ግን ቁጥሩን ሲበትኑት የቀነሰው የከሰሩት ነው፣ የተሳካላቸው አልቀነሱም። ከዚህ ቀደም ገብቶበት ያየ ሰው አጠገባቸው ስለነበር የማያዋጣው ሐሳብ ገና ወሬ እያለ ነው የቀረው።

እኔ ይሄን ውጤት ሳየው ምንም አልገረመኝም፣ ምክንያቱም በምመራቸው ቡድኖች በየወሩ የማየው ነው። አንድ ባለቤት ይመጣል፣ ሽያጬ በጣም አድጓል ሁለተኛ ቅርንጫፍ ልከፍት ነው ይላል፣ ሞራል የሚሰጥ ስብስብ ቢሆን ይጨበጨብለታል። እዛ ግን አንዷ፣ ድርጅቷን አንዴ ልትዘጋ ደርሳ የተረፈች ሴት፣ ወረቀት አስወጣችውና "ከሸጥከው ውስጥ እጅህ የገባው ስንቱ ነው?" አለችው። መልሱን አላወቀውም። ቁጭ ብለው ደረሰኝ በደረሰኝ ደመሩት፣ ካስረከበው ውስጥ ከግማሽ በላዩ ገና አልተከፈለውም፣ የአንዱ ትልቅ ደንበኛ ዕዳ ብቻ የሦስት ወር ደሞዝ ይሸፍን ነበር። ቅርንጫፉ ቀረ፣ በምትኩ ግማሹን ቅድሚያ ካልተቀበለ ትዕዛዝ እንዳይጀምር ተስማማ፣ ደንበኛው እንቢ ካለኝስ ሲል ደሞ ያቺው ሴት ለደንበኞቿ የምትጽፈውን ደብዳቤ ከስልኳ አውጥታ ላከችለት። አየሽ፣ ጥያቄውም መፍትሔውም የመጣው ካለፈበት ሰው ነው፣ እኔ አማካሪው ብናገረው ኖሮ ግማሹን ያህል እንኳን አይሰማኝም ነበር።

አንቺም አሁን ልብስ አስረክበሽ ያልተከፈለሽን ደምረሽው ታውቂያለሽ? ሽያጭ አላደገም ያልሽው ነገር ምናልባት የሽያጭ ችግር ላይሆን ይችላል።

ወደ ድሮ ጓደኞችሽ ልምጣ። "አርፈሽ ሥራ ፈልጊ" የሚለው ድምፅ ቀላል አይደለም፣ ቀን በቀን ሲሰሙት ያደክማል፣ ሰው ደሞ ዙሪያው ያለው ሁሉ አንድ ነገር ሲል ዓይኑ የሚያየውን እንኳን ይጠራጠራል። ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ 1950ዎቹ ውስጥ ይሄን በመስመር አሳይቶታል፣ የቱ መስመር ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ ይጠየቃል፣ መልሱ ለማንም ግልጽ ነው፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ተመካክረው ስህተቱን ሲመልሱ ሰውየውም ከሦስት አንዱን ጊዜ ያህል ተከትሏቸው ይሳሳታል። ከነዛ ሰዎች መሀል አንድ ብቻ ትክክሉን እንዲናገር ሲደረግ ግን ስህተቱ ወደ 5% አካባቢ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ ነው ልዩነቱን ያመጣው! ስለዚህ አሥር የሚያበረታታ ሰው አታሳድጂ፣ አንድ ነገሩን የሚያውቅና እውነቱን የሚናገር ሰው ካለሽ የጓደኞችሽን ወሬ እየሳቅሽ ትሰሚዋለሽ። ይሄ ደሞ በአዲሶቹ በኩልም ይሠራል፣ ሁሉም "በርቺ፣ አስፋፊ፣ ተበደሪ" ሲልሽ "ቆይ እስኪ" የሚል አንድ ሰው ያስፈልግሻል፣ የሚያጨበጭብ ስብስብ ከሚያሾፍ ስብስብ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል፣ እንደውም ሰው ስለማይጠነቀቀው ይብሳል እላለሁ።

ደግሞ እነዚህ ጓደኞች ዋጋ የላቸውም ማለት ፈጽሞ ስህተት ነው። አህመዳባድ፣ ህንድ ውስጥ የአንድ ባንክ ደንበኛ ለሆኑ ሴቶች አጭር የቢዝነስ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር፣ ከፊሎቹ ብቻቸውን እንዲመጡ ተጋበዙ፣ ከፊሎቹ ጓደኛቸውን ይዘው። ኤሪካ ፊልድና ባልደረቦቿ 2016 ላይ ያወጡት ውጤት እንደሚለው ከጓደኛ ጋር የተጋበዙት ሴቶች የበለጠ ተበድረው ሠሩ፣ የቤተሰባቸው ገቢም ከፍ አለ፣ ለውጡ የጎላው ደሞ ሴት ልጅ ወጥታ እንድትሠራ ብዙም በማይፈቅድ ማኅበረሰብ ውስጥ ያሉት ላይ ነው። እነዛ ጓደኞች ቢሊየነር አልነበሩም እኮ፣ እንደነሱው ያሉ ተራ ሴቶች ናቸው። ያንቺም ጓደኞች "ሥራ ፈልጊ" የሚሉሽ ሥራሽን ስላላዩት ይሆናል፣ አንዷን አንድ ቀን ወርክሾፕ ውሰጃት፣ ትዕዛዝ ስታስረክቢ አብራሽ ትቁም፣ ከዛ በኋላ የምትልሽን ስሚ።

ሌላ ነገር፣ ተቀጣሪ መሆናቸውም ራሱ ጥቅም አለው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ሶሺዮሎጂስት 1973 ላይ ሰዎች ሥራ ያገኙት በማን በኩል እንደሆነ ጽፎ ነበር፣ በሰው በኩል ካገኙት መሀል ያንን ሰው ቶሎ ቶሎ የሚያገኙት 17% አካባቢ ብቻ ናቸው፣ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው ወሬውን የነገራቸው። ምክንያቱም ሁሌ አብሮሽ የሚውል ሰው የሚያውቀውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጥናቱ ስለ ሥራ ፍለጋ ቢሆንም ለደንበኛ ፍለጋም ያስኬዳል ባይ ነኝ። ጓደኞችሽ አንዷ ሆስፒታል፣ አንዷ ትምህርት ቤት፣ አንዷ ሆቴል ትሠራ ይሆናል፣ እነዚህ ቤቶች ሁሉ የደንብ ልብስ ያሰፋሉ፣ የሥራ ፈጣሪ ጓደኞችሽ ግን ሁሉም የሚሸጡት አንድ አዳራሽ ውስጥ ላለ አንድ ዓይነት ሰው ነው።

ስለ ሸሪክነቱ ከመመለሴ በፊት አንድ የድሮ ታሪክ ላንሳ፣ ምክንያቱም እስካሁን ያልኩትን ሁሉ በአንድ ላይ ያሳያል። በኋላ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን 1727 ላይ ፊላደልፊያ ውስጥ ገና 21 ዓመቱ እያለ 12 ሰዎች ያሉበት የአርብ ምሽት ስብስብ አቋቋመ፣ ጃንቶ ይባላል። ሀብታም አልፈለገም፣ ከጥቂቶቹ በቀር እንጀራ ፍለጋ ላይ ያሉ ወጣት ሠራተኞች ናቸው፣ አንዱ መስታወት ገጣሚ፣ አንዱ ጫማ ሠሪ፣ አንዱ መሬት ቀያሽ፣ አንዱ የነጋዴ ጸሐፊ፣ አንዱ ውል ገልባጭ። ማተሚያ ቤት ሲከፍት ያ ውል ገልባጩ ኩዌከር የሚባሉትን የክርስትና እምነት ተከታዮች የታሪክ መጽሐፍ 40 ገጸ ሉህ የማተም ሥራ አመጣለት፣ ፍራንክሊን የማተሚያ ፊደሉን እየለቀመ፣ ሸሪኩ እያተመ ሠሩት፣ ፍራንክሊን ብዙ ጊዜ እስከ ሌሊት ያመሽ ነበር። ከዛ ችግር መጣ፣ ለማተሚያው ዕቃ ግማሹን የከፈለው የሸሪኩ የሂው ሜሬዲት አባት ነበር፣ የቀረውን 100 ፓውንድ መክፈል አቃተው፣ ነጋዴው ከሰሳቸው። ሜሬዲት ራሱ ደሞ መጠጥ ያበዛል፣ ሥራው ላይ ብዙም አልነበረም። ይሄን ጊዜ ከጃንቶ ሁለት ሰዎች፣ ዊልያም ኮልማንና ሮበርት ግሬስ፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ ለየብቻ መጥተው የሚያስፈልግህን ገንዘብ እናበድርሃለን ግን ከሜሬዲት ጋር መቀጠልህን አልወደድነውም፣ ሰካራም ሆኖ መንገድ ላይ ይታያል አሉት።

እዚህ ጋ የሚገርመኝ ፍራንክሊን ያደረገው ነው። ወዲያው አልዘለለበትም። ሜሬዲቶች የበኩላቸውን የመወጣት ዕድል እያላቸው ልለያይ ብዬ አልጠይቅም አለ፣ ውለታቸውን አስቦ። ቆይቶ ሸሪኩን ቁጭ አርጎ በግልጽ አነጋገረው፣ ሜሬዲትም እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም፣ የአባቴን ገንዘብ መልስልኝና ጥቃቅን ዕዳዬን ክፈልልኝ፣ ትንሽ ገንዘብና አንድ ኮርቻ ጨምርልኝ እንጂ ሁሉንም ላንተ እተዋለሁ ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። ፍራንክሊን ማንንም ላለማስቀየም ከሁለቱም ጓደኞቹ ግማሽ ግማሹን ተበደረ። 1730 ላይ ሽርክናው በወረቀት ፈረሰ፣ ማተሚያ ቤቱም ብቻውን የሱ ሆነ። እነዛ ሁለት ሰዎች ያበደሩት ለምን ይመስልሻል? በየአርቡ ሲያስብ፣ ሲሟገት፣ ቃሉን ሲጠብቅ ስላዩት ነው። ባንክ የማያየውን ነው ያዩት።

እንግዲህ ለጓደኛሽ የምትመልሺው። ጓደኛ ስለሆነች እንቢ በይ አልልም፣ ጓደኛ ስለሆነችም እሺ አትበይ። መጀመሪያ ሦስት ወር ተከፋይ ሆና ትሥራ፣ ሥራዋንም ሳትለቅ ቅዳሜና ማታ ቢሆን ይመረጣል፣ የምትችለው ነገር አንቺ የማትችይው መሆኑን እዩ፣ ሁለታችሁም መስፋት የምትወዱ ሁለታችሁም ዕዳ መሰብሰብ የምትፈሩ ከሆነ ሸሪክ ሳይሆን ሁለተኛ አንቺን ነው የምትጨምሪው። ከገባች ደሞ ድርሻዋን በመጀመሪያው ቀን በሙሉ አትስጫት። ስታርታፖች ዘንድ የተለመደው አሠራር ድርሻ በ4 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የራስ እየሆነ እንዲሄድ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ የወጣ ደሞ ምንም እንዳይወስድ ነው፣ ይሄ ላንቺም ይሠራ። ማን በየትኛው ጉዳይ ላይ የመጨረሻ ቃል እንዳለው፣ አንዳችሁ ልውጣ ብትሉ ዋጋው እንዴት እንደሚተመን ጻፉት፣ የሕግ ባለሙያ ይየው። ይሄን ወረቀት ስታቀርቢላት "እኔን አታምኚኝም ወይ" ብላ ካኮረፈች ንግግሩን እዛው አቁሚው፣ ጓደኝነታችሁ ይቆይ።

ስለ ቡድኑ ደሞ፣ የሚከፈልበት ክለብ አትፈልጊ፣ ራስሽ አቋቁሚው። ከነዛ ኢቨንት ላይ ካወቅሻቸው መሀል ልብስ ውስጥ ያልሆኑ፣ ሠራተኛ ያላቸው፣ ካንቺ ጋር የሚቀራረቡ አምስት ስድስት ሰዎች ይበቃሉ፣ አንዷ ወይ አንዱ ካንቺ ሁለት ሦስት ዓመት የቀደመ ይሁን፣ አሥር እጥፍ የሚበልጥሽን ሰው ግን ተዪው፣ ጊዜም የለውም፣ ችግርሽንም ረስቶታል። በወር አንዴ፣ የተወሰነ ቀን፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ሁሉም የዛን ወር ሽያጩን፣ እጁ የገባውን፣ ያልተከፈለውንና የከፈለውን ደሞዝ በአንድ ገጽ ይዞ ይምጣ፣ እዛ የተባለ እዛው ይቅር፣ ሁለት ጊዜ ሳያሳውቅ የቀረ ቦታውን ይልቀቅ። ቁጥሩን ማሳየት የሚፈራ ሰው ይኖራል፣ የመጀመሪያውን ወር አንቺ ቅደሚና አሳዪ፣ ያልተከፈለሽን ዕዳ ከነደንበኛው ዓይነት ዘርዝሪው፣ ሌላው ከዛ በኋላ ይከተልሻል። በሦስተኛው ወር ላይ አሁንም ቁጥሩን ደብቆ ምክር ብቻ የሚሰጥ ካለ በሰላም አሰናብቱትና በቦታው ሌላ ሰው አስገቡ።